ቸርነት የላሳቸው ፒኖች

የመቐለ ሕዝብ ሆይ፣ የያዝኸውን አስቀምጠህ አድምጥ! በዓዲ ሓቂ፣ ከተማሪ ኪራይ ቤቶች ጀርባ፣ በዛገ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ ቁመቱ ከበሩ መቀርቀሪያ ብዙም የማይርቅ አንድ ታላቅ ሰው ተነሥቷል። ስሙ ቸርነት ይባላል። ማዕረጉ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፣ ግዛቱ አንድ ክፍል ከነጓዳው፣ ሠራዊቱ አንድ መነጽር፣ አንድ አጉሊ መስተዋትና አንድ ምላስ ነው። ከእንግዲህ በጦርነት ዘመን ለፋብሪካ ሠራተኛ የተሸለመ የደረት ፒን ሁሉ በዚህ ሰው ምላስ ካልተመረመረ በቀር ፒን ተብሎ እንዳይጠራ ታውጇል። ቅሬታ ያለው ምላሱን ይዞ ይቅረብ!

ስለ ምላሱ የተባለው ለማሳቅ የተጨመረ አይደለም። ቸርነት አንድ ፒን እጁ ሲገባ መጀመሪያ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል። ቀጥሎ ፊቱ ላይ የተቀረጸውን ማርሽ ጥርስ በጥርስ ያያል። ከዚያ ገልብጦ፣ መርፌው በብየዳ የተያዘ ይሁን በብሎን የሚጠብቅ ያጣራል። በመጨረሻም፣ ሰው ፊትም ይሁን ብቻውን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባውን ይልሰዋል። ከሟች ኮት ላይ የተነቀለ ይሁን ከቆሻሻ ጆንያ የወጣ ለእሱ አንድ ነው።

"ነሐስ ይጎመዝዛል፣ ብረት ደም ደም ይላል፣ አሉሚኒየም የሆስፒታል ማንኪያ ነው" እያለ ያስተምራል። ተማሪዎቹ የግቢው ተከራዮች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ትምህርቱ ከምሳ በፊት ከሆነ ምሳው ለድመት ይተርፋል።

ይህ አመል የያዘው በልጅነቱ፣ ደብረ ብርሃን ሳለ ነው። ያኔ፣ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር በሚባልበት ዘመን፣ አጎቱ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌት ተቀን እየሠራ ሁለት ጣቱን ለማሽን ሰጠና "ኮከብ ሠራተኛ" የሚል ፒን ተቀበለ። ሌላ ልጅ ቢሆን ከዚህ ታሪክ ስለ ጣት ይማር ነበር። ቸርነት ስለ ፒን ተማረ። በኋላ በመሥሪያ ቤት ዝውውር መቐለ መጣ፣ ኣኽበረትን አገባ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይም የሌሎች ሰዎችን ድካም በጥጥ ጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ሲያከማች ኖረ።

ኣኽበረት ግን ሰው ናት። የዕትሮ ሳሙና ፋብሪካ የማተሚያ ክፍል አለቃ ነበረች። ዕትሮ ለማያውቅ እንስራ ማለት ነው። እያንዳንዱ ድፍን ሳሙና ላይ ጆሮ ያላት እንስራ፣ ከሥሯም ስሟ፣ ታትመው ይወጡ ነበር። ይህን የሚያትመው የተገለጠ መጽሐፍ የሚያህል ወፍራም የነሐስ ሰሌዳ ነው። ሳሙናው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ሰሌዳው ላይ ሁሉም ነገር ግራና ቀኙ ተገለባብጦ ተቀርጿል። አራቱ ጥጎቹ ላይ ማሽኑ ላይ የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ያለ ሰሌዳው ያ ሁሉ ማሽን ሊጥ የሚተፋ ቧንቧ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ዓንደብርሃን ሠራተኛውን ሰብስቦ "ፋብሪካው የእናንተ ነው!" አለና መኪናው ውስጥ ገባ። ፋብሪካው የሰፊው ሠራተኛ ሆኖ የዋለው እንግዲህ ያቺኑ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ሰዎቹ ሲበታተኑ ኣኽበረት መፍቻ አነሣች፣ ብሎኖቹን ፈታች፣ ሰሌዳውን እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዘለች፣ ነጠላዋን ደረበችበትና በእግሯ ቤቷ ገባች።

ሁለት ዓመት ባልና ሚስት ሰሌዳው ላይ ተኙ። ከፍራሹ ሥር ነበር።

"ወገቤን በላው!" ይል ነበር ቸርነት። "የእንስራሽ ጆሮ ኩላሊቴ ላይ ታትሟል!"

"ኣንታ ሰብኣይ፣ ዝም ብለህ ተኛ" ትለው ነበር። ሰብኣይ ባል ማለት ነው፤ እሷ ግን ስትጠራው ድምፅዋ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። "ይሄ ካለ ሥራ አለ።"

አንድ ቀን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሰፈሩን እየፈተሹ መጡ። ኣኽበረት ፍራሹ ላይ ተዘርግታ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ስባ "ታይፈስ ነው" አለች፣ ሳለችም። ሰዎቹ ከደጃፍ ተመለሱ። ታላቁ ሰው በዚያ ሰዓት ሽንት ቤት ነበር። የገባው ሰዎቹ ሳይመጡ ነው፣ የወጣው ጎረቤት ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሲወጣም የጠየቀው "ሄዱ?" ብሎ ነው፤ "ደህና ነሽ?" አላለም።

ያ ዘመን ከተማው በእንዶድና በአመድ የታጠበበት ነው። ሳሙና እንደ መድኃኒት በስንጥር ይካፈሉት ነበር። ስለዚህ ሰላም ሲመጣ ኣኽበረት ሰሌዳውን አብሳ፣ ዘይት ቀብታ፣ እንደገና አዝላ ወደ ፋብሪካው ወሰደች። ዓንደብርሃንም ተመልሶ ነበር፣ ትንሽ ወፍሮ። ሰሌዳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው።

"እናት ኣኽበረት!" አለ። "ታሪክ አይረሳሽም!"

ታሪክ አልረሳት ይሆናል፣ ፋብሪካው ግን አልጠራትም። በጠየቀች ቁጥር "ሰሌዳው ለጥገና አዲስ አበባ ተልኳል፣ ሲመለስ ሥራ እንጀምራለን" ይሏታል። በክፍሏ የነበሩት ሴቶች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይከቧታል። "ኣኽበረት ሓፍተይ፣ ምን ደረሰ?" ይሏታል፣ እህቴ ሲሉ። "ቀርቧል" ትላቸዋለች። ቃል ገብታላቸዋለች። አንዷ በእሷ ቃል ዐረብ አገር መሄዷን ሰርዛለች። ሌላዋ ዕፀገነት፣ ሥራው እስኪከፈት ብላ ቃላሚኖ በኩል ሥራ አስኪያጁ በሠራው አዲስ ቤት ልብስ አጣቢ ሆና ገብታለች። ኣኽበረት ሌት ተቀን የሚያሳስባት አንድ ነገር ነው፦ ያ ሰሌዳ ተመልሶ እነዚህ ሴቶች ወደ ማሽናቸው ይመለሱ ይሆን፣ ወይስ ሁለት ዓመት የተኛችበት ነሐስ ውሸታም አድርጎ ያስቀራታል?

በዚህ መሐል "በጦርነት ጊዜ ፋብሪካውን ለታደጉ ሠራተኞች" ሽልማት ታወጀ። ከበላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ አዳራሹ ቀለም ተቀባ። ፒን ታደለ፣ አራት ማዕዘን፣ ፊቱ ላይ ማርሽና ጡጫ ያለበት፣ ኮት የሚያጎነብስ ከባድ ነሐስ። የመጀመሪያውን ማን ወሰደ? ዓንደብርሃን። ሁለተኛውን? እሱን ይዞ የሸሸው ሾፌር፤ መኪናውን አድኗልና። ቀጥሎ ኮሚቴው፣ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ የጸሐፊው አማች። አንዱን ለራሱ ለእንግዳው ሰጡት፣ ምክንያቱም ባዶ ደረት ይዞ መሄዱ አሳፍሯቸው ነበር። ከእነዚህ መሐል አንዳንዶቹ ጥጋቸው ላይ ቀይ የመስተዋት ፈርጥ ነበራቸው፤ እነዚያ "ልዩ ደረጃ" ተባሉ። ኣኽበረት ስሟ "ለሁለተኛው ዙር ታስቧል" ተባለ።

"ፒን አይበላ" አለች። "ሰሌዳው ይምጣ።"

ቸርነት ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም። በራሱ ከተማ፣ በራሱ ዘመን፣ አዲስ የጦርነት ፒን! ሚስቱ መዘለሏ ትዝም አላለው። የተሸላሚዎቹን ቤት እየዞረ ፒኖቹን በለውጥ ሰበሰባቸው። ለአንዱ ሬዲዮውን ሰጠ፣ ለሌላው የኣኽበረትን ጃንጥላ፣ ለጸሐፊው አማች ያቺን ኣኽበረት በታይፈስ ቀን የተሸፈነችባትን ብርድ ልብስ። ሾፌሩ ባለ ፈርጡን ፒን በቸርነት የሠርግ ጫማ ለወጠ፤ ጫማው ጠበበው፣ ግን አልመለሰም። እንዲህ እያለ ቆርቆሮው ሞላ።

ሲገለብጣቸው ሁሉም ጀርባቸው ላይ የተቆፈረ መስመር አላቸው፤ አንዱ ቅስት፣ አንዱ ግማሽ ፊደል የሚመስል ነገር። ቸርነት ላሰ። አሰላሰለ። እንደገና ላሰ። ከዚያ ተከራዮቹን ጠርቶ ግኝቱን አበሠረ።

"አርመንኛ ነው!"

"እንዴት አወቁ፣ ጋሽ ቸርነት?" አለች ማሂ፣ ከተከራዮቹ ምላሷ የማያርፈው።

"ፊደሉ የእኛን ይመስላል፣ ግን የእኛ አይደለም። እንዲህ ያለ ፊደል ያለው አርመን ብቻ ነው። ደግሞ ጣዕሙ! ሳሙና ሳሙና ይላል።"

"አርመኖች ነሐስ በሳሙና ያጥባሉ እንዴ?"

"ሥልጡን ሕዝብ ነው፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"እኔማ አልልስም" አለች ማሂና ምሳዋን ለድመቷ ገፋችላት።

ግኝቱ ዓንደብርሃን ጆሮ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ በሳቅ ይሞታል ብሎ የጠበቀ ካለ ሥራ አስኪያጅ አያውቅም። ወዲያው ቸርነትን አስጠርቶ እጁን ጨበጠው። የፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ የፒን ዐውደ ርእይ ይዘጋጃል፣ ክምችቱ ይታያል፣ ስለ አሠራራቸውም ባለሙያው ራሱ ይናገራል፣ በመጨረሻም አንድ ባለ ቀይ ፈርጥ ፒን ይሸለማል ተባለ። ቸርነት ከቢሮው ሲወጣ ደረጃውን የወረደው ደረቱን አስቀድሞ ነው፤ እግሩ በኋላ ደረሰ።

በዕለቱ ማለዳ፣ ኣኽበረት ውኃ ልትቀዳ በወጣችበት፣ መስኮቱ ላይ ትንሽ መስተዋት ሰቅሎ ጢሙን ይላጭ ነበር። ከጀርባው አልጋው ላይ ትሪ አለ። ትሪው ላይ ፒኖቹን በፊታቸው ደፍቶ፣ የጀርባቸውን መስመር ከመስመር እያገጣጠመ ደርድሯቸዋል፤ የአርመኑን ዓረፍተ ነገር ላነብ ብሎ። ጉንጩን ነፍቶ ቀና ሲል ከፊቱ ጎን በኩል ትሪው መስተዋቱ ውስጥ ታየው። እዚያ ውስጥ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሁለት ሦስት ቦታ ይጎድላል እንጂ እንስራ ናት። ጆሮዋም አለ፣ ያው ኩላሊቱን የወጋው ጆሮ። ከሥሯ "ዕትሮ" ይላል።

ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ።

ለጥገና የተላከ ሰሌዳ የለም። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሲራወጡ ነሐስ ጠፋና መጋዘን ውስጥ ያለውን አንሥተው በመጋዝ ቆራረጡት። ፋብሪካውን ያዳኑትን ለመሸለም ፋብሪካውን ቆረጡት። ቀዩ ፈርጥም ምሥጢሩ ይኸው ነው፦ የብሎኑ ቀዳዳ አስቀያሚ ሆኖ ስለታየ በመስተዋት ደፈኑት።

አሁን ይህ ታላቅ ሰው ምን አሰበ? ሚስቱን? ሴቶቹን? የመጀመሪያ ሐሳቡን ራሱ በኋላ ስለተናገረው እንዳለ እነሆ፦ "ከአንድ ሰሌዳ የወጣ ሙሉ ክምችት፣ በዓለም ላይ ብቸኛው!" ሁለተኛ ሐሳቡ የኣኽበረትን እርምጃ ሲሰማ መጣና ፎጣውን ትሪው ላይ ወረወረ።

"ምንድን ነው ያላበህ?" አለችው።

"ምላጩ ዶለዶመ" አለ።

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ክምችቱ ግን፣ ሰው እንዳይገለብጠው ቸርነት ፈርቶ፣ ቤት ፎጣው ሥር ቀርቷል። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ስለ ፒን ግድ ኖሯቸው ሳይሆን ሥራ መጀመሪያው ቀን ዛሬ ይነገራል የሚል ወሬ ሰምተው ነው። ዓንደብርሃን ስለ ጽናት ተናገረ። ስለ ጽናት ሲናገር ደረቱ ላይ ያለው ባለ ፈርጥ ፒን ኮቱን ወደ ታች ይጎትተው ነበር። ኣኽበረት ከኋላ ተነሣች።

"አቶ ዓንደብርሃን፣ ይቅርታ። ሰሌዳው መቼ ነው የሚመጣው?"

"ወይዘሮ ኣኽበረት፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ጥገናው በመጠናቀቅ ላይ ነው። አሁን ግን ዕለቱ የፒኑ ነው። ባለቤትሽ፣ የፒኑን አመጣጥ በሳይንስ ያረጋገጡት ባለሙያ፣ ከየት እንደመጣ ያስረዱናል።"

ቸርነት ወጣ። ማይኩን ያዘ። ከፊቱ ጸሐፊው፣ ሾፌሩ፣ ኮሚቴው። ከኋላ ኣኽበረት፣ አሁንም እንደ ቆመች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፣ እሷም የምታውቀው ቃል ነው፣ ሁለት ዓመት ወገቡ ላይ ታትሞበት ነበር።

"ከአርመን አገር" አለ ቸርነት።

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ዓንደብርሃን ትንሽ ፈዝዞ አየው። እውነቱን እያወቀ የሚዋሽ ሰው፣ እንደ እሱ እያወቀ የሚዋሽ ሌላ ሰው ሲያገኝ በሚያይበት ዓይን አየውና ፈገግ አለ። ባለ ቀዩን ፈርጥ ፒን በገዛ እጁ ደረቱ ላይ ሰካለት። ሁለት ሰዎች እንዲህ ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ያየ ሰው እጁን መታጠብ ያምረዋል፣ በምን ሳሙና እንጃ።

ማታ ሳይሆን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ቤት ደረሱ። ኣኽበረት ኮቱን ልታጥብ ተቀበለችው፤ ላብ ላብ ይል ነበር። ፒኑ እንዳይዝግ ነቀለችው። እጇ ላይ ሲገለበጥ አውራ ጣቷ መስመሩን ዳበሰ። ቆመች። ቀስ ብላ ፎጣውን ከትሪው ላይ አነሣች። ፒኑን ጥጉ ላይ በባዶው ቦታ አስቀመጠችው። ገጠመ።

"ይሄን ስትልሰው ምን ምን አለህ?" አለችው።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

"እየጠየቅሁህ ነው፣ ኣንታ ሰብኣይ። ምን ምን አለህ?"

"ሳሙና።"

"መቼ አወቅህ?"

"ጠዋት። ስላጭ።"

"ከንግግሩ በፊት።"

"ኣኽብር፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር እኮ—"

"እኔም እያየሁህ ነበር።"

አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር፣ ተከራዮቹ ያማልዱታል። ትሪውን እንዳለ በነጠላዋ ቋጠረችና አዘለችው። ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ወደ ኣንዶም ሄደች፤ ኣንዶም ብረታ ብረት የሚያቀልጥ፣ ፊቱ ሁልጊዜ ጥላሸት የሆነ ሰው ነው። ቁርጥራጮቹን አየና ምራቁን ተፋ።

"እናቶቻቸውንም እንዲህ ይቆርጡ ይሆን?" አለ። "ስሚ፣ ሙሉውን ካመጣሽልኝ አሸዋ ላይ አትሜ አዲስ ሰሌዳ አወጣልሻለሁ። መጋዙ የበላውን እኔ እሞላዋለሁ። ጥጎቹ ግን ከሌሉ ብሎኑ የት እንደሚገባ አላውቅም፣ ማሽኑም አይቀበለውም። እነዚህ ሁለት ጥጎች ጎድለዋል።"

ከሁለቱ አንዱ የዓንደብርሃን ደረት ላይ ነበር። ኣኽበረት ሴቶቹን አስከትላ ቢሮው ገባች። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ።

"ወይዘሮ ኣኽበረት፣ ይህ የአርመን ሥራ ነው። በሕዝብ ፊት ማን መሰከረ? የገዛ ባልሽ! ከእሱ በላይ ባለሙያ ልታመጪ ነው?"

ባልየው ያን ሰዓት በር ላይ ቆሞ ነበር። አብሮ እንዲመጣ ያዘዘችው እሷ ናት፣ እውነቱን እንዲናገር። ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከጉሮሮው የወጣው ያው ጠረጋው ብቻ ነው።

ያሳዘነህ እንደሆነ አይዘንህ፣ ዓለም ባዶ አይደለችም። በሳምንቱ ዕፀገነት የሥራ አስኪያጁን ኮት አጠበች። ኮቱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ማንጠልጠያው ላይ ተመለሰ። ፒኑ ግን አልተመለሰም። "ውኃው ወሰደው፣ ጋሼ" አለች ዕፀገነት፣ "ዘንድሮ ሳሙና ስለሌለ ብዙ ነው የምናሸው።" ወንድ ሆነህ ቀጥለህ ጠይቃት።

አሁን ኣንዶም ቤት ሰሌዳው አሸዋ አልጋው ላይ ተሰካክቶ ተኝቷል። ሴቶቹ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እዚያ ሄደው ያዩታል፣ እንደ በሽተኛ። ቸርነት ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ በሩ ላይ ይቀመጣል። ኣኽበረት ታናግረዋለች፣ ግን ስለ እንጨትና ስለ ውኃ ብቻ። ያጠፋው ገብቶት ይሁን አይሁን ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ ባለፈው አንዱ ተከራይ የጣለውን የኮት ቁልፍ አንሥቶ ሲልስ ማሂ አይታዋለች።

የጎደለው አንድ ጥግ ነው። የእንስራዋ እግር ያለበት፣ የታችኛው ቀኝ ጥግ። ያን ዕለት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ለነበረው እንግዳ የተሰጠው። ስሙን ማንም አልመዘገበም፣ ሁሉም መኪናውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

እንግዲህ አንተ ይህን የምታነብ፣ ኮት ያለህ ሰው፦ ተነሣና ቁም ሣጥንህን ክፈት። አንድ ከባድ፣ አራት ማዕዘን፣ ቀይ ፈርጥ ያለበት ፒን ካለህ፣ የት እንደተሰጠህም ከረሳህ፣ ገልብጠው። ጀርባው ላይ ጠባብ የተቆፈረ መስመር ካየህ፣ ዓዲ ሓቂ የምትወስድህን መንገድ ማንም ያሳይሃል። በሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው እንዳትሰጠው፣ ይልሰዋል። ገብተህ ለእሷ ስጣት፣ በእጇ። አሁን ግን፣ እባክህ፣ ሰበብ ሳትፈልግ፣ መጀመሪያ ገልብጠውና...